ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፦ ስፒከር በቤት ውስጥ ስለማወዳደር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ "እስቲ ይህን አንብበህ ምን እንደምትል ንገረኝ" ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ጸሐፊው ሦስት ጥንድ ስፒከር ሳሎናቸው ውስጥ ደርድረው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያዳምጡ ከርመው የደረሱበትን ይነግሩናል። የመጀመሪያው ጥንድ 600 ዶላር፣ ሁለተኛው 1,800፣ ሦስተኛው 4,500 ነው። ማን አሸነፈ? መቼም ይህን አትጠይቁኝም። "ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ ለመስማት ጆሮ ያለው መሆን ብቻ ይበቃል" ይላሉ።

ጽሑፉ ይጥማል። ጨርሼው ስነሳ እኔም ወደ ባንክ ካርዴ እጄን ልሰድ ዳድቶኝ ነበር። ግን ጸሐፊው እንዴት እንዳወዳደሩ አንድ በአንድ ዘርዝረዋል። ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ብዙ ሰው ይህን አያደርግም። ችግሩም የታየኝ ከዚያው ዝርዝር ላይ ነው።

የምስማማበትን ላስቀድም። "ስፒከር ሱቅ ውስጥ አይመረጥም፤ ቤት ተወስዶ ነው የሚሰማው" ብለዋል። እውነት ነው። ይህን በገንዘቤ ነው የተማርኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ልጅ መጀመሪያ ርካሹን አጫወተልኝ። ወደ ውዱ ሲያልፍ እጁ ቮልዩሟን ነካ ስታደርጋት አይቻታለሁ። አይቼም ዝም አልኩ። ድምፁ ሞላ፣ ዘፋኙ አጠገቤ የቆመ መሰለኝ፣ 3,200 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ሳስገባው ያ ዘፋኝ አብሮኝ አልመጣም።

እና ቤት ማዳመጡ ትክክል ነው። ጥያቄው ቤት ሲገባ ያው የሱቁ ስህተት ተከትሎን ገብቷል ወይ የሚለው ነው።

"ቮልዩሟ ላይ ምልክት አድርጌ ንቅንቅ አላደረግኳትም፤ ስለዚህ ሁሉም እኩል ዕድል አግኝተዋል" ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ውድድሩ ገና ሳይጀመር ያለቀው። እኩል የሆነው የቮልዩም ቁልፉ እንጂ ድምፁ አይደለም። ስፒከር ሲገዛ መመሪያው ላይ 86፣ 88፣ 90 ዴሲቤል የሚል ቁጥር ይገኛል። ይህ ቁጥር ስፒከሩ 2.83 ቮልት ሲሰጠው 1 ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ ይናገራል። ጸሐፊው ራሳቸው ርካሹ 86፣ ውዱ 90 እንደሆነ ጠቅሰዋል። ልዩነቱ 4 ዴሲቤል ነው። ርካሹ ውዱን በጩኸት እንዲስተካከል ሁለት ተኩል እጥፍ ዋት ሊሰጠው ይገባ ነበር ማለት ነው። አልተሰጠውም። አንዱ ሯጭ ከመቶ ሜትር፣ ሌላው ከሰባ ሜትር ጀመሩ።

"ጮክ ማለቱን ማወቅ አያቅተኝም" ትሉ ይሆናል። ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ልክ ናችሁ። ትንሽ ሲሆን ግን ጆሮ "ጮኸ" አይልም። "ጠራ፣ ሞላ፣ ሕይወት ዘራ" ነው የሚለው። ጸሐፊው ለውዱ የሰጡት ሙገሳ ሁሉ ደግሞ ይኸው ነው። በዚያ ላይ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን መጀመሪያ የሚያጣው ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን የታችኛውን ድምፅ ነው። ይህን ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 ለክተው አሳይተዋል። ስለዚህ ዝቅ ብሎ የተጫወተው ስፒከር ቤዝ የሌለው መስሎ ይሰማል። "የ600 ዶላሩ ቀጭን ነው" የሚለው ፍርድ ከዚህ የመጣ ላለመሆኑ ጽሑፉ ውስጥ ምንም ማስረጃ የለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፒንክ ኖይዝ የሚባል እንደ ፏፏቴ የሚሰማ መፈተሻ ድምፅ አለ። እሱን ክፈቱ። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑና የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አስቀምጡት። ለእያንዳንዱ ስፒከር ቮልዩሙን አስተካክላችሁ ምልክት አድርጉ፤ ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል በታች ይሁን። ስልኩ ትክክለኛውን ቁጥር ላይነግራችሁ ይችላል። ያው ስልክ ከቦታው እስካልተነሳ ድረስ ግን ለማወዳደር ይበቃል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሰው ይቀየምበታል። ጸሐፊው "የሃያ ዓመት ልምድ ስላለኝ መልክና ዋጋ አያታልለኝም" ብለዋል። እኔ እሳቸውን ውሸታም አላልኩም። የሚሰሙትን ነው የጻፉት። ግን ማንም ሰው ይህን ስለራሱ ሊመሰክር አይችልም። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይባላል። አባባሉ ስለ ሐሜት ነው፤ ሰው የራሱን ሐሜት አይሰማም ለማለት። ለስፒከር ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነው አሳተሙ። ሁለቱም ሃርማን የሚባለው የድምፅ ዕቃ ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። 40 አድማጮች አራት ስፒከሮችን አንዴ በመጋረጃ ተከልለው፣ አንዴ በግልጽ እያዩ ነጥብ ሰጡ። አድማጮቹ የዚያው ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው። ውጤቱ ተገለባበጠ። ትንሿና ርካሿ የፕላስቲክ ስፒከር መጋረጃው እያለ ከትልልቆቹ ጋር ተፎካክራ ነበር፤ ሲያይዋት ነጥቧ ወረደ። ግርማ ሞገስ ያላቸው ትልልቆቹ ደግሞ ሲታዩ ከፍ አሉ። ልምድ ያለውም የሌለውም በማየት ተስቧል።

ከዚያ ጥናት እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ስፒከሮቹ ክፍሉ ውስጥ ቦታ ሲቀያየሩ ድምፃቸው ይለወጣል። የተከለሉት አድማጮች ይህን ለውጥ ሰምተው ነጥባቸውን ቀየሩ። የሚያዩት ግን ብዙም አልቀየሩም። ዓይን ፍርዱን ስለጨረሰ ጆሮ ሥራ ፈታ። ማየት ስህተት ጨመረ ብቻ ሳይሆን በእውነት ያለውን ልዩነትም ሸፈነ።

"ቤቴ ላቦራቶሪ አይደለም" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የእኔም አይደለም። ያለፈው ክረምት እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጓደኛዬ ቤዝመንት ውስጥ ይህን ለመሞከር ተሰበሰብን። ግድግዳ ለግድግዳ የልብስ ገመድ ወጠርን። ገመዱ ላይ ሁለት ነጠላ ሰቀልን። ነጠላ ስስ ስለሆነ ድምፅ አያፍንም፤ መብራቱ በአድማጮቹ በኩል ሲሆን ግን ከጀርባው ያለውን አያሳይም። ከኋላ የጓደኛዬ ባለቤት ቁጭ ብላ ሽቦ ትቀያይራለች። "አንድ"፣ "ሁለት" ከማለት በቀር አትናገርም። ሽቦ ከመንካቷ በፊት ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠውን አምፕሊፋየር ታጠፋለች፤ ይህን እናንተም እንዳትረሱ፣ ሁለቱ ጫፎች ከተነካኩ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል። በኋላ ላይ መቀያየሪያ ሳጥን ገዛንና ሥራው ቀለለ። የመቀያየሩ ፍጥነት ወሳኝ ነው። ጆሮ ጥቃቅኑን ነገር የሚይዘው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ጸሐፊው አንዱን ጥንድ ሰኞ፣ ሌላውን ሐሙስ ሰምተው ነው ያወዳደሩት። ሰኞ የሰሙትን ሐሙስ ላይ የሚያስታውሱት ድምፁን ሳይሆን ስለ ድምፁ ለራሳቸው የነገሩትን ቃል ነው።

ከነጠላው ጀርባ የነበሩት የእኔ የ3,200 ዶላር ስፒከርና የጓደኛዬ የ500 ዶላሩ ነበሩ። አራት ሆነን ሰማን። ሦስታችን የ500ውን መረጥን። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ። ነጠላው ሲነሳ የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። ከዚያ የነበረውን ሳቅም።

ግን ታሪኩ እዚያ አላለቀም። ጸሐፊው ሦስተኛ የተሳሳቱበት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። "ሦስቱንም በአንድ መስመር ደርድሬ ነው የሰማሁት፤ ለትልቁ ቦታ ስላጣሁ ጥግ ላይ አቆምኩት" ብለዋል። የእኔም ጥግ ላይ ነበር። ስፒከር ወደ ግድግዳ ሲጠጋ ወደ ኋላ የሚሄደው ቤዝ ተመልሶ ይደመራል። አንድ ግድግዳ ቤዙን እስከ 6 ዴሲቤል ሊያሳድገው ይችላል። ጥግ ላይ ሁለት ግድግዳና ወለሉ ይተባበራሉ። አንዳንዱ ሰው ይህን "ግርማ ያለው ቤዝ" ይለዋል፤ እንደ እኔ ያለው ደግሞ "የተደፈነ" ይለዋል። በእሳቸው ቤት ጥግ የቆመውን ስፒከር ጠቀመው። በእኛ ቤት ጎዳው። ሁለቱም ፍርድ ስለ ጥጉ እንጂ ስለ ስፒከሩ አይደለም። የእኔን 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከግድግዳው አርቀን፣ ቦታ አቀያይረን ደገምነው። ሁለት ለሁለት ወጣን።

ሃርማኖች ለዚህ ሲሉ ስፒከሮቹን በሦስት ሰከንድ ገደማ ወደ አንድ ቦታ የሚያመላልስ ማሽን ሠርተዋል። እኛ ማሽን የለንም፤ ጉልበት ግን አለን። ግማሹን ዙር ከሰማችሁ በኋላ ግራና ቀኙን አቀያይሩና ድገሙ። አንድ ሌላ ምክር ልጨምር፣ መጀመሪያ ሲሰሙት ያስቃል። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ አንድ ብቻ አጫውቱ፣ በሞኖ። ቱል ደጋግሞ እንዳሳየው አድማጭ የስፒከርን ጉድለት ከስቴሪዮ ይልቅ በሞኖ ቶሎ ይለየዋል። ስቴሪዮ ሲሆን የቀረጻው ስፋት ብዙ ነገር ይሸፍናል። አሸናፊውን ከለያችሁ በኋላ በጥንድ ስሙት።

ስለ አዲስ አበባ የጻፉት ደግሞ ለብቻው መልስ ይገባዋል፣ ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ። "መካከለኛውን ጥንድ አዲስ አበባ ለእህቴ ወሰድኩላት፤ እዚያ ቤዙ ያገሳል፣ ቃላቱ አይለዩም። የአገራችን መብራት ቆሻሻ ስለሆነ ነው" ይላሉ። መብራት ኃይልን ለመከላከል የምቸኩል ሰው አይደለሁም። በዚህኛው ግን ንጹሕ ነው። አምፕሊፋየር ከሶኬት የሚወስደውን ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ዲሲ፣ እንደ ባትሪ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ይቀይረዋል፣ ያጠራቅመዋል፣ ከዚያ ነው የሚጠቀምበት። ቮልቴጁ ቢወርድ አቅሙ ሊያንስ ይችላል፤ ስታብላይዘር መግዛትም ለዕቃው ደኅንነት ጥሩ ነው። የሚያገሳ ቤዝ ግን ከሶኬት አይመጣም።

ከግድግዳው ነው የሚመጣው። እዚህ አሜሪካ ቤቱ እንጨትና ድራይዎል የሚባለው ስስ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው። ቤዝ ሲመታው ይርገበገባል፣ ከፊሉን ይውጣል፣ ከፊሉንም ለጎረቤት ያሳልፋል። አዲስ አበባ ግድግዳው ብሎኬትና ኮንክሪት፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። የገባው ቤዝ መውጫ የለውም። ጸሐፊው የእህታቸው ሳሎን "አራት በአራት" ነው ብለዋል። እንግዲህ እናስላው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በክፍሉ ርዝመት እጥፍ፣ በ8 ሜትር፣ ሲካፈል 43 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 43 ንዝረት፣ ይመጣል። ክፍሉ እዚያ ድምፅ ላይ ብቻውን ይዘፍናል። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ስለሆኑ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ይደርቡበታል። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር 41 ኸርዝ ናት። በዚያች ክር አካባቢ በተጫወተ ቁጥር ቤቱ አብሮ ያገሳል።

የእኛን ሳሎን አስቡት ደግሞ። ሶፋው ዙሪያውን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ መሐሉ ባዶ ነው። የዚህ ዓይነቱ ቤዝ ከፍ ብሎ የሚሰማው ግድግዳው ሥር ነው፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ማለት ነው። ክፍሉ መሐል ደግሞ ይጠፋል። እህታቸው ሶፋውን አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ቢስቡት፣ ስፒከሩን ከቡፌው ጎን ከጥጉ ቢያወጡት፣ ወፍራም ምንጣፍ ቢያነጥፉ ለውጡን ያዩታል። ምንጣፉ ለቤዙ አይደለም፤ ቤዝ ምንጣፍ አይፈራም። ቃላቱን ለሚያደበላልቀው የወለልና የኮርኒስ ማስተጋባት ነው።

ጸሐፊው አዲስ ስፒከር 200 ሰዓት ተጫውቶ "መለማመድ" አለበት ስላሉት ብዙ አልልም። አዲስ ስፒከር ላስቲኩ ትንሽ ይላላል፤ ይህ እውነት ነው፣ በአብዛኛው ግን በመጀመሪያው አጭር ጊዜ ያልቃል። በ200 ሰዓት ውስጥ ይበልጥ የሚለማመደው የአድማጩ ጆሮ ነው። ሱቅ ዕቃ መልሶ የሚቀበልበት ቀነ ገደብ እንዳለውም አትርሱ።

"መጋረጃውን ገለጠው" ስላሉት የ300 ዶላር የስፒከር ገመድም እንዲሁ። ኤሌክትሪሻን ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ 3 ሜትር ደርሶ መልስ፣ ኤሌክትሪክን የሚያግድበት መጠን 0.04 ኦም ገደማ ነው። የስፒከሩ 4 ወይም 8 ኦም ነው፤ የሽቦው ከዚያ አንድ በመቶ እንኳ ብዙም አያልፍም። ከዚህ በላይ የምለው የለም።

"ሙዚቃ በቁጥር አይለካም፤ ግራፍ ለፋብሪካ ነው" የሚለው ግን እንዲህ የሚታለፍ አይደለም። አባባሉ ያምራል። ሙዚቃውን የሚለካ ሰው ግን የለም። የሚለካው ሳጥኑ ነው። ስፒከሩን በዙሪያው ከ70 ማዕዘን ለክቶ በግራፍ የሚያሳይ ዘዴ አለ፤ በ2013 የአሜሪካ ስታንዳርድ ሆኖ ወጥቷል። ኦሊቭ በ2004 ባሳተመው ሥራ የ70 ስፒከሮችን ልኬት ብቻ ይዞ፣ አድማጮች ሳያዩ የሚሰጡትን ነጥብ ለመገመት ሞከረ። በግምቱና በእውነተኛው ነጥብ መካከል ያለው ተዛምዶ 0.86 ሆነ። 1 ማለት ፍጹም መግጠም ነው። ስለዚህ ግራፉ ሰው ምን እንደሚወድ ብዙ ያውቃል። የማያውቀው የእናንተን ሳሎን ነው። በተለይ ከ200 ወይም 300 ኸርዝ በታች ክፍሉ ነው አዛዡ። እኔ አሁን የማደርገው በግራፍ አሥሩን ወደ ሁለት ማውረድ ነው። ከሁለቱ የሚመረጠው ቤት ውስጥ፣ በነጠላ ጀርባ ነው። ጸሐፊው ግራፉን ጥለው በጆሮ ብቻ ልሂድ ሲሉ፣ ጆሯቸውን ደግሞ በዓይን አስያዙት።

በመጨረሻ ያበሳጨኝን ልናገር። "የሀበሻ ሙዚቃ ለመፈተኛ አይሆንም፣ ቀረጻው ደካማ ነው" ብለው በሙሉ ያወዳደሩት ለስፒከር ማሳያ ተብለው በተቀረጹ የጊታርና የጃዝ ትራኮች ነው። የድሮ ሸክላና ከካሴት የተገለበጠ ነገር ቤዝ እንደሚጎድለው፣ እንደሚንሿሿ እኔም አውቃለሁ። ግን አንድ ጊታር ብቻውን ሲጫወት በሁሉም ስፒከር ላይ ያምራል። ለማሳያ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ጉድለት የሚያወጣው ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ የሚጮህበት ሙዚቃ ነው። ዘመን አመጣሽ የሠርግ ዘፈን ክፈቱ፦ ከታች ቤዝና ድራም፣ መሐል ላይ ኪቦርድ፣ ሳክስና የዘፋኙ ድምፅ፣ ከላይ ጭብጨባና እልልታ። እልልታ ስፒከርን ያጋልጣል። ቀጭኑን የላይኛውን ድምፅ ከልኩ በላይ የሚያጎላ ስፒከር እልልታን ወደ ፉጨት ይቀይረዋል።

ከዚያ የሰው ንግግር። ቢቢሲ በ1970ዎቹ ኤልኤስ3/5ኤ የተባለችውን ትንሽ ስፒከር ለስርጭት መኪናዎቹ ሠርቶ ነበር፤ ከጫማ ካርቶን አትበልጥም፣ ዛሬም የሚፈልጋት ብዙ ነው። የቢቢሲ መሐንዲሶች ከመለካት ጎን ለጎን የሚያውቁትን ሰው ድምፅ በአካልና በስፒከር እያወዳደሩ ነበር የሚሠሩት። እኛም የምናውቀው ድምፅ አለን። የባለቤታችሁን ንግግር በስልክ ቅዱና አጫውቱት። አፍንጫዋን የያዘች፣ ወይም ሳጥን ውስጥ ሆና የምታወራ የምታስመስል ስፒከር ካለች፣ ዋጋዋ ምንም ቢሆን ወድቃለች።

እኔ የምጨርሰው በበገና ነው። አባቴ በዐቢይ ጾም ማታ ማታ ይደረድሩ ነበር። አሥሩ ክሮች ሥር ያሉት የቆዳ እንዚራዎች ክሩን እየነኩ ያንን ንዝረት ይሰጡታል። ከሥር ወፍራም፣ ከላይ ደግሞ እንደ ንብ ቀፎ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያወጣ ስፒከር ብዙ አይደለም። አንዱ ወፍራሙን ይዞ ቀፎውን ያፍናል፣ በገናው ከበሮ ይሆናል። ሌላው ቀፎውን ብቻ ይሰጣችኋል፣ የተበላሸ ራዲዮ ይመስላል። ያን ድምፅ ከሁለት ሜትር ርቀት ሰምቼው ስላደግሁ የትኛው ስፒከር እንደሚዋሽ ለማወቅ የማንም ማሳያ ትራክ አያስፈልገኝም። ቤዝመንት ውስጥ ሁለት ለሁለት ስንወጣ የእኔን ምርጫ የወሰነው ይኸው የበገና ድምፅ ነበር፤ የ3,200ውን መረጥኩ።

ጸሐፊው ሦስቱም ጥንድ አሁንም ቤታቸው እንዳሉ ጽፈዋል። ሰፈራቸው ሩቅ አይመስለኝም። ፈቃደኛ ከሆኑ ነጠላውን፣ ገመዱንና መቀያየሪያ ሳጥኑን ይዤ እመጣለሁ። የ4,500ው ካሸነፈ እዚሁ ተመልሼ እጽፋለሁ። ለማዳመጥ የሚጠሯቸውን ሰዎች ግን አደራ፣ ዋጋውን አስቀድመው እንዳይነግሯቸው።